በእርስዎ ቃል የመረጥኳቸው ብልቃጦች

ውድ መምህር አካለ ወልድ፣

«እንደምን ሰነበቱ» ብዬ እየጀመርኩ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ጤናዎን ሳልመኝልዎ ቀርቼ አይደለም። እንደዚያ ከጀመርኩ መጨረሻው «እሺ» እንደሚሆንብኝ ስለማውቅ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እርስዎን እምቢ ብዬ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት አቶ ይስማውን ሽማግሌ አድርገው ልከውብኛል። ከውሃ በቀር ምንም አልቀምስም ብለው ተቀመጡና መልእክትዎን ነገሩኝ። መምህር አዝነዋል፣ ነገሩ በሁለታችሁ መካከል ይለቅ፣ ሰው ጆሮ አይግባ አሉኝ። መልሴን በጽሑፍ እልካለሁ አልኳቸው። ፊትዎ ብቀርብ አንደበቴ እንደሚታሰር አውቃለሁ።

ውለታዎን አልረሳሁም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ሳይበቃ ቀርቶ ቤት ዘግቼ በተኛሁ ጊዜ፣ ከመምህራን ሁሉ በራችንን ያንኳኩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰም እንዴት እንደሚቀልጥ፣ የጉሎ ዘይት መቼ እንደሚጨመር፣ ጥቁር አዝሙዱ እንዳያርር እሳቱ እንዴት እንደሚያዝ ወጥ ቤታችን ድረስ መጥተው አሳዩኝ። «እጅሽ ልኬት ያውቃል» አሉኝ። በእናቴ ስም «ዜማ» ብዬ የጠራሁት የፀጉር ቅባት ከዚያ ቃል ነው የተወለደው።

አራት ዓመት ሙሉ ደንበኞቼ የየራሳቸውን ዕቃ ይዘው እየመጡ ቀዳሁላቸው። ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት በሚደረገው ባዛር ቦታ ተሰጠኝ። ግን ምርቱ በወጉ ታሽጎ፣ ስሙ ተለጥፎበት መቅረብ አለበት ተባለ። ብልቃጥ ፍለጋ አዲስ አበባ ያልደወልኩበት ፋብሪካ የለም። «ስንት ሺህ?» ይሉኛል። ሁለት መቶ አርባ ስላቸው ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ ስልኩን ይዘጋል። በመጨረሻ መርካቶ ትንሽ መደብር ያላት ነፊሳ የምትባል ሴት አገኘሁ። በትንሽ ቁጥር እሰጥሻለሁ አለችኝ። ግን ጥያቄዋ በዛ። ትኩስ እያለ ነው የምትሞይው ወይስ ከቀዘቀዘ? ዘይቱ ምንድን ነው? ከቅባትሽ ትንሽ ላኪልኝና ብልቃጡ ውስጥ አንድ ወር ላስቀምጠው፣ ካልተስማሙ ሌላ ዓይነት እፈልግልሻለሁ አለች።

ባዛሩ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ልታጓትተኝ ፈልጋ መሰለኝ።

ያኔ ነው እርስዎ ሉማሜ ከተማ ጌቱ የሚባል ነጋዴ እንዳለ የነገሩኝ። የፈለግሽውን ያህል ያመጣልሻል፣ ስልሳም ቢሆን፣ ወር መጠበቅ የለም አሉኝ። ናሙናውን ቤትዎ በረንዳ ላይ አብረን አየነው። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ ወርቃማ፣ ያምራል። እርስዎ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። እኔ ለጥንቃቄ መሰለኝ። የነፊሳንም ነገር አነሳሁልዎ። ቅርብ ካለ ሰው የማታውቂው የሩቅ ሰው ይሻልሻል ወይ አሉና ቀጠሉ፦

«ጌቱን እኔ አውቀዋለሁ። የሱ ነገር በእኔ ይሁን።»

ለነፊሳ ደውዬ ይቅርብኝ አልኳት። አልተቀየመችም። ዕቃውን ከሌላ ሰው ስትቀበዪ የክዳኑን ውስጥ ልብ ብለሽ እዪ ብቻ አለችኝ። እኔ ግን ምኑን አየዋለሁ፣ እርስዎ አይተውት የለ!

ባዛሩ ተሳካ። በመጨረሻው ቀን እርስዎም መጡ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ፣ አብረን ፎቶ ተነሳን። ማንጠግቦሽ ከጎንዎ ነበረች፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ የምትዳረዋ። ለሠርጌ ብላ ሁለት ብልቃጥ ገዛች። እርስዎም መረቋት።

በአምስተኛው ቀን እናቷ እያለቀሰች መጣች። የልጅቱ ራስ ቆዳ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል፣ ከመሐል አናቷ ፀጉሩ በእፍኝ በእፍኝ ይነሳል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ስድስት ሴቶች መጡ። ማንጠግቦሽ ሹሩባ ሳትሠራ፣ ራሷን በሻሽ አስራ ተዳረች። ሠርጓ ላይ አልሄድኩም። በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ወዴት እንደሮጥኩ ያውቃሉ። ከእርስዎ ቤት ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። እግርዎ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እርስዎ እስክጨርስ ሰሙኝና፣

«ሰው ነሽ፣ ልኬት ተሳስተሽ ይሆናል» አሉኝ። «የጉሎ ዘይቱም አርጅቶ ይሆናል።»

አመንኩዎት። ለማንጠግቦሽ እናት እጄ ነው የተሳሳተው አልኳት። ለስድስቱም ሴቶች እንደዚያው አልኩ። ሰሙን ደፋሁ፣ ድስቶቹን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጠብታ ዘይት አልነካሁም። ገበያ ስወጣ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አናት የምታቃጥለዋ እየተባልኩ ነው የሰነበትኩት። ይህንንም እርስዎ ሰምተዋል፣ ከተማው ትንሽ ነው።

በሰኔ መግቢያ ቁም ሣጥን ሳጸዳ በሻይ ብርጭቆ ያስቀረሁትን ቅባት አገኘሁ። ከዚያው ከባዛሩ ጋር በአንድ ድስት የፈላ ነው፣ ለራሴ ያልኩት። እስኪ እኔንም ያቃጥለኝ ብዬ ራሴን ተቀባሁ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። ምንም አልሆንኩም። ያኔ ነፊሳ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ከተረፉት ባዶ ብልቃጦች አንዱን አንስቼ የክዳኑን የውስጥ ስስ ሽፋን በመርፌ ፈለቀቅኩት። ከሥሩ የደረቀ ነጭ ነገር ነበር። በጣቴ ውሃ አስነካሁትና አሸተትኩት። ፀጉር ቤት ገብታ የምታውቅ ሴት ሁሉ ያንን ሽታ ታውቀዋለች፤ ፀጉር የሚያለሰልሱበት፣ ቆዳ ላይ ከቆየ የሚያቃጥለው ሪላክሰር ነው።

በማግሥቱ በሚኒባስ ሉማሜ ወረድኩ። ጌቱን ጠይቄ ቤቱ አገኘሁት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ሳበልኝ። ተቀምጬ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የእርስዎ ፎቶ ተሰቅሏል። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ወጣችና ማየቴን አይታ «አባቴን ያውቋቸዋል?» አለችኝ። ደጀን እናቷ ዘንድ ያደገች ልጅ እንዳለችዎ ሰምቻለሁ። ለማን እንደተዳረች ግን ነግረውኝ አያውቁም።

ጌቱ ምንም አልደበቀኝም። ብልቃጦቹ የሪላክሰር ባዶ ዕቃ ናቸው፤ ከደጀን ጀምሮ ካሉ ፀጉር ቤቶች ለቅሞ፣ አጥቦ ነው የሚሸጣቸው። እርስዎ በሆምጣጤ ዘፍዝፋቸው፣ የክዳኑን ሽፋን አውጥተህ ጣለው ብለውት ነበር። እሱ ቸኩሎ በውሃ ብቻ አለቃለቃቸው።

«መምህር ይህን ያውቃሉ?» አልኩት።

«ባዛሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ደውለው ጠየቁኝ» አለኝ። «አልዋሸኋቸውም።»

መምህር፣ ከሉማሜ እስከ ማርቆስ ያለውን መንገድ እንዴት እንደመጣሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ቀን መቁጠሬን ነው። ሁለት ቀን ሲቀረው። እንግዲያው በመጨረሻው ቀን እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ ያውቁ ነበር። ማንጠግቦሽ ከጎንዎ ቆማ ስትገዛ፣ ሲመርቋት፣ ያውቁ ነበር። እግርዎ ሥር ሳለቅስም።

ለልጅዎ ባል እንጀራ ማሰብዎ ነውር አይደለም። አሮጌ ነው፣ በደንብ ከታጠበ ይሆናል ቢሉኝ፣ እርስዎ ስላሉ ብቻ ይሁን እል ነበር። ብልቃጡን ይቅር ልልዎ እችላለሁ። እጄን እንድጠረጥር ማድረግዎን ግን እንዴት ይቅር እንደምል አላውቅም። በዚያ እጅ እንዳምን ያደረጉኝ እርስዎ ነበሩ።

ለነፊሳ መልሼ ደወልኩላት። አፍሬ ስንተባተብ ቅባትሽን ላኪው ብቻ አለች። ላክሁላት። ወሩ እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

አሁን መልሴን ይስሙ። ካሣ አልፈልግም፣ ሽማግሌም አይላኩብኝ። ጌቱ የቀሩትን ብልቃጦች ፊቴ አቃጥሏቸዋል፣ ሉማሜ መሄዴን ለእርስዎ የነገረውም እሱ ይሆናል፣ ከሱ ጋር ጨርሻለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማንጠግቦሽ አዲሱ ቤቷ እሄዳለሁ። እናቷም እዚያ ትገኛለች፣ ስድስቱንም ሴቶች ጠርቻለሁ። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ከመጡ አብረን እንገባለን፤ እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ፣ ማንም ክፉ ቃል እንዲናገርዎ አልፈቅድም። ካልመጡ ብቻዬን እገባለሁ፣ ስምዎንም አልዘልም።

እስከ እሁድ አክባሪዎ፣
ዘመናይ
ደብረ ማርቆስ