ባንድ ጊዜ የደረሱ ዘጠኝ ጠዋቶች

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገጻችን በተመለሰ በዐሥራ አንደኛው ቀን

በቅርብም በሩቅም ለምትገኙ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ከልብስ ማጠቢያው እንደ ወጣ ደብዛው ጠፍቶ የነበረው የአያታችሁ የግራ እግር ግራጫ ካልሲ፣ ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከማቀዝቀዣው ጀርባ በሕይወት መገኘቱን ስንገልጽ ደስታችን ወደር የለውም። ካልሲው ጥቂት አቧራ ከመልበሱ በቀር የደረሰበት ጉዳት የለም። ለፍለጋው መሳካት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደረገችው አክስታችሁ በሰጠችው መግለጫ፣ «እኔ የምፈልገው ማንኪያዬን ነበር» ብላለች።

ይድረስ ለኔ ጉድ፣ በስተርጅና ጣቴን ስልክ ላይ ላሠለጠንሽው የልጅ ልጄ።

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» የሽማግሌ ሥርዓተ ነጥብ ነውና ብዙ አትመኚው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅም ይገባል።

ቀልዴን ካልሲው ላይ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው ወሬ ከባድ ነው። በወረቀት የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። በስልክ ከሆነ ድምፄ ያሳብቅብኛል፣ ወይ ደግሞ እንደ ባለፈው እዋሻለሁ። «ሰው ተጎዳ ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ሁሉም ደህና ነው፣ ሊፍት ብቻ አኩርፏል» አልኩሽ አይደል? ጓደኛዬ ሊፍት አላኮረፈም። ሞቷል።

ቁጭ በይና አንብቢው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የኢንተርኔት ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ግን የምታውቂው ከጀርባው ነው። እኛ ከፊት ለፊቱ እንዴት እንደምንኖር አታውቂም። ልባችን የደከመ አርባ ሁለት ሰዎች ነን። ጠዋት ተነሥተን፣ ሽንት ቤት ደርሰን፣ ቁርስ ሳንቀምስ ሚዛን ላይ እንወጣና ቁጥሩን እንጽፋለን። የደከመ ልብ ውሃ ያቁራል፤ ውሃው እግር ላይ ከመታየቱ በፊት ሚዛን ላይ ይታያል። አንቺ የጻፍሽው ደንብ ቁጥር አንድ «በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው አይቀመጥ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ» ይላል። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ችግሩ ሰው ለራሱ ሲሆን ደንብ አይገባውም። «ፒጃማዬ ወፍራም ነው» ይላል። «ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ተንጋዶ ነው» ይላል። ጥንድ ጥንድ ያደረግሽን ለዚህ ነው፤ የሌላውን ቁጥር እኔ አያለሁ፣ ሲጨምር እጮህበታለሁ፤ እሱም እንዲሁ።

የኔ ጥንድ ሊፍት ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት የሕንፃ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እኔ ማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ስለቅም ስለኖርኩ «አራሚው» ይለኛል። በዓይን ተያይተን አናውቅም። አንድም ቀን ሳንሰዳደብ ውለንም አናውቅም።

«71.2» ብሎ ይጽፋል።

«ዛሬ ደግሞ ምን በላህ፣ ብሎን?»

«ያንተን ምክር። ከባድ ነው፣ አይፈጭም።»

ጨዋታችን አንድ ሕግ ነበረው፦ ቀድሞ የናፈቀ ተሸነፈ። አንዱ ሲያረፍድ ሌላው «የት ጠፋህ?» ካለ አለቀለት፤ ሳምንቱን ሙሉ «ሳታየኝ መዋል አቃተህ?» ሲባል ይኖራል። ስለዚህ ማናችንም አንጠይቅም። ሲያረፍድብኝ «ሚዛኑ ከሥሩ ተሰብሮ ይሆናል፣ ነፍሱን ይማር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ለሚዛኑ መሆኑ ነው። ወዲያው ይመጣል።

ደንብ ቁጥር አራት «ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ አይጻፍ» ይላል። መሥሪያ ቤታቸው ሕመማቸውን እንዳያውቅባቸው የሚፈሩ ስላሉ ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ሊፍት ግን ደንብ ሲያይ እጁን ይበላዋል። አምና ለአምስት ቀን ኪሎውን ከነጥቡ በኋላ በሁለት በሁለት አሃዝ መጻፍ ጀመረ።

«ሚዛንህ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተማረው?» አልኩት።

«አራሚ ነኝ ትል የለ? አርመው።»

አሃዞቹን ብገጣጥማቸው ስልክ ቁጥሩ ሆኑ። የግድግዳው ካሌንደር ጀርባ ላይ ጻፍኩት። የኔን ግን አልሰጠሁትም፤ ይለምነኝ ብዬ።

እንግዲህ ያ ሰኞ መጣ። እኔ ለተንኮል ነጥቡን ዘልዬ «689 ኪሎ» ብዬ ላክሁ። ገጹ ወዲያው ነጭ ሆነ። ለሁለት ቀን የሰበርኩት እኔ ነኝ ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አክስትሽ «ዛሬ ስልክህን አትነካካም፣ አሞሃል እንዴ?» ስትለኝ፣ «ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው» አልኳት። በሦስተኛው ቀን አንቺ ደወልሽ። ማሻሻያ ልትሠሪ ቅጂ ሳታስቀምጪ እንደ ነካሽው፣ በዚያው ሰዓት ደግሞ ገጹን የያዘው ማሽን እንደ ተበላሸ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ተደረበ ነገርሽኝ። አንቺ እያለቀስሽ እኔ «እሰይ፣ እኔ አይደለሁም» እያልኩ ነበር። ይህንንም እወቂልኝ።

ዐሥራ ሁለት ቀን እያንዳንዳችን በየቤታችን ቀረን። አንዷ ቁጥሯን የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ በከንፈር ቀለም ስትጽፍ ከረመች። የአውቶቡስ ሹፌር የነበረው ደግሞ መመዘኑን ጭራሽ ተወው፤ «ተሳፋሪ ከሌለ ለምን እነዳለሁ?» አለ ኋላ ሲጠየቅ።

እኔ በአምስተኛው ቀን ለሊፍት ደወልኩለት። ካሌንደሩን ገልብጬ፣ መነጽሬን አድርጌ። ዐሥራ አራት ጊዜ ጠራ። አልተነሣም። ተኝቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገጹ ተከፈተ። ብዙው ሰው ዝም ብሎ ስልኩ ላይ ሲጽፍ ነው የከረመው፤ ያ ሁሉ ሳይላክ ተከማችቶ ቆይቶ ባንድ ላይ ተግተለተለ። የሊፍትም መጣ። ዘጠኝ ጠዋት፣ ባንድ ጊዜ። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፤ አንዲት ነጥብ አልነካሁም።

«71.0። ገጹ አልሄድ አለ። ምን ነካክተህ ነው?»

«71.3። አራሚ፣ ባትሰማኝም ተሰደብ።»

«71.9። የኛ ሕንፃ ሊፍት ቆመ። ሊሠሩ የመጡት ልጆች ገመዱን ሲያዩ መጸለይ ጀመሩ። አራተኛ ፎቅ ሆኜ በመስኮት አስተምራቸዋለሁ።»

«72.8። ጫማዬ ጠበበኝ።»

«73.5። ሁለት አለፈ፣ አይደል? ፒጃማዬ ወፍራም ነው።»

«74.1።»

«74.9። ተቀምጬ ነው ያደርኩት።»

«75.4። ደረጃውን አልችለውም። ልጄ ነገ ትመጣለች። እሺ፣ ተሸነፍኩ። የት ጠፋህ?»

«76.2።»

ሌሎቹ ከየቁጥሩ በላይ በደቃቁ የተጻፈውን ቀን ልብ አላሉትም። «ሊፍት፣ እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። ጡረታ የወጡት መምህርት «ሰባ ስድስት ምን ማለት ነው? አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ» ብለው ጻፉለት። እኔ አርባ ዓመት ደቃቅ ፊደል ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ቀኑን አየሁት። የመጨረሻው ቁጥር አራት ቀን አልፎታል።

ደወልኩ። ገና አንዴ እንደ ጠራ ሴት አነሣች።

«የዚህ ስልክ ባለቤት አሉ?» አልኩ።

«አራሚው ነዎት?» አለችኝ።

«ነኝ፣ ልጄ።»

«አባባ እኮ እርስዎን ሲያነሣ በሳቅ ነው የሚሞተው» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። በየቀኑ ስትደውልለት «ደህና ነኝ» ይላታል። ማክሰኞ ስትመጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ እግሮቹ ከአልጋው እግር ወፍረዋል አለች። ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አራቱን ፎቅ አወረዱት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ «እኔ እንኳን ሰው ሳወርድ እንዲህ አላንገጫግጭም ነበር» አላቸው። ረቡዕ ማታ ዐረፈ። ሐኪሙ «ሦስት አራት ቀን ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ተወው።

«ስልኩን አላጠፋሽውም?» አልኳት።

«የሚደውልለት ሰው ቢኖር ብዬ።»

ገጹ ላይ መርዶውን መጻፍ የኔ ዕጣ ሆነ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጽሑፍ ስሰርዝ ኖሬ፣ የራሴን ሁለት መስመር ሰባት ጊዜ ሰረዝኩ። በማግሥቱ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ገባ፤ አንድም ቃል አብሮት አልነበረም። እኔ አልጻፍኩም። በማግሥቱም አልጻፍኩም።

በሦስተኛው ቀን መምህርት ደወሉልኝ። የሳቸው ጥንድ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ሆስፒታል ስለተኛ ብቻቸውን ነበሩ። ከመርዶው ጋር ስልክ ቁጥሬን ለሕዝቡ ሁሉ በትኜው ነበርና አገኙት። እኚህ ሴት ቀልድ አያውቁም፤ ሰላምታም ይቆጥባሉ።

«ቁጥር» አሉኝ።

«አልተመዘንኩም፤ ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ሐዘን ስንት ኪሎ ነው? ይውጡና እንየው። ስልኩን አልዘጋም።»

ወጣሁ። 70.9 ይላል።

«ከ68.9 ተነሥተው? ጨው ማን ሰጠዎት?»

አክስትሽ ከወጥ ቤት «እኔ አይደለሁም» አለች።

በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነዱኝ፤ ውሃ የሚያስወጣው ክኒን ተጨመረልኝ። አሁን ስተኛ ትንፋሽ እንዳያጥረኝ የምደራርበው ትራስ ከሦስት ወደ ሁለት ወርዷል። ያ ካልሲም ሲጎተት ይገባል።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። «በወሩ መጨረሻ እዘጋዋለሁ፤ እጄ የነካው ነገር ሰው ይጎዳል» ብለሻል። ይህን ስትጽፊ የሊፍትን ነገር ገና አታውቂም ነበር። አሁን ካወቅሽ በኋላ ዛሬውኑ ልትዘጊው እንደምትነሺ አውቃለሁ፤ የእናትሽ ልጅ ነሽ፣ ስትደነግጡ በር መዝጋት ነው ሥራችሁ። አትዝጊው። ያንቺ ጥፋት የለበትም ብዬ አላባብልሽም። ቅጂ ሳታስቀምጪ መንካትሽ ስህተት ነው፤ ስህተት አይቼ ዝም ብዬ አሳልፌ አላውቅም፣ ባንቺም አልጀምርም። ነገር ግን ስህተት የተገኘበት መጽሐፍ አይቃጠልም። ማረሚያ ገጽ ይገባለታል።

ማረሚያው ይኸው፣ ሁላችንም ተስማምተንበታል። ደንብ ቁጥር አራትን አውጪው። በቦታው እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ጥንድ የሆኑ ሰዎች ስልክ ቁጥራቸውን ይለዋወጡ፣ በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ የጥንዱን ቁጥር እስከ እኩለ ቀን ያላየ ሰው ይደውል። ስሙን መግለጥ የሚፈራ ስሙን ይተው፤ ስልኩን ግን ያንሣ። አርባ አንድ ሰው ነን። ሹፌሩ ትናንት ተመዝኗል፤ አራት ኪሎ ጨምሮ ተገኘና ጥንዱ ጮኸበት፣ ሄደ፣ ተኛ፣ ይተርፋል አሉ። ገጹ ባይኖር የሚጮህበት አልነበረም።

ስትሠሪ ቅጂ ይኑርሽ፤ ስትደክሚ ወንበር ይኑርሽ። በሰው አገር «በላሽ ወይ?» የሚልሽ አይጥፋ። የደወልሽለት ሁሉ ያንሣልሽ፣ የደወለልሽንም ለማንሣት ጊዜ አትጪ። እኔን አስቀድሞ አንቺን ያቆይ፤ ቅደም ተከተሉን ማንም እንዳያዛባው።

አያትሽ
አራሚው

ፖስታውን ሳላሽግ አንድ እርማት። ሌላ አንባቢ ሳያየው ያልፈው ነበር፤ እኔ ማለፍ አቃተኝ።

በአምስተኛው ቀን ደወልኩለት፣ ዐሥራ አራት ጊዜ ጠራ ያልኩሽ ፈጠራዬ ነው። አልደወልኩም። ካሌንደሩን ገልብጬ ቁጥሩን አየሁና መልሼ ሰቀልኩት። እሱ ይናፍቅ ብዬ። ገጹ ቢጠፋም ስልኩ አልጋው አጠገብ ነበር፤ የኔ ቁጥር ደግሞ እሱ ዘንድ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉንም ለብቻሽ አትሸከሚው፤ ድርሻዬን ተይልኝ። አምስተኛውን ቀን የመረጥኩት ቁጥሮቹን ካየሁ በኋላ ነው፤ ሁለት ኪሎ ያለፈው ያን ቀን ነበር።