የሐሙሱ ፈረቃ

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ከነርሶች ክፍል

ለአባባ ቅምጥል፣ ለአንዲቷ እህቴ፤

እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። እንዴት እንደሆንሽ ትናንት በሦስት ገጽ አንብቤዋለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪሽ ያወጣሽው የትምህርት ዕቅድ «የክፍሉ ኃላፊ ትፈርምበት» ተብሎ ከነርሶች አለቃዋ ከማትሮኗ ቢሮ መጣልኝ። ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ ረሳሽው እንዴ? ወይስ እትዬ ሥራ ስለሚበዛባት ሳታነብ ትፈርማለች ብለሽ ነው? እኔ የአንሶላ መረከቢያ እንኳ ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም።

ሁለት ዓመት ብለሽ ሄድሽ። ዕቅድሽ ሦስት ዓመት ይላል።

ላንቺ አንድ ዓመት ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኔ ምን እንደሆነ ግን አሳምረሽ ታውቂያለሽ። ሆስፒታሉ ከአንድ ክፍል አንድ ነርስ ብቻ ነው ለትምህርት የሚለቀው። የሄደችው ሳትመለስ ሌላዋ አትሄድም፤ አርባ አምስት የሞላት ደግሞ ጭራሽ አትሄድም። እኔ አርባ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖኛል። ቃልሽን ጠብቀሽ የዛሬ ዓመት ብትመለሺ ሰባት ወር ሲቀረኝ እደርሳለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከመጣሽ ግን አለቀልኝ። «ታናሽ ነሽ፣ ቅደሚ» ብዬ ተራዬን የሰጠሁሽ እኔ! እሰይ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ደግሞ እኮ እኔ ሞኟ ተዘጋጅቻለሁ። ስታቲስቲክስ እንዳይከብደኝ ብዬ ከላቦራቶሪው ባለሙያ ጋር በምሳ ሰዓት እየተማርኩ ነው። ሰውዬው «ሲስተር፣ አንቺን ከማስተማር ደም ከድንጋይ መቅዳት ይቀላል» እያለ ያሾፍብኛል። ይሹፍ። አማካይ ማውጣት ችያለሁ።

አሁን ወደ ዕቅድሽ ልመለስ። የጤና ተቋማት አመራር አለ። የማስተማር ዘዴ አለ። የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ አንድና ሁለት አለ። ሁሉም ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የምትወስጃቸው ናቸው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተግባር ልምምድ የት ሄደ ብዬ ብፈልገው ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ገጹ ግርጌ ተሸጉጦ አገኘሁት። በዓመት አንዴ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ የሚሰጠው እሱ ነው። እሱን ያልወሰደ የመመረቂያ ጽሑፉን መጀመር አይችልም። ይሄን ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። አምና «ክፍሉ ሞላ» ብለሽ ወደ ዘንድሮ አሻገርሽው። ዘንድሮ ደግሞ ወደ ከርሞ።

እኔን በዚህ ልትሸውጂ? አሥራ አንድ ዓመት የፈረቃ ፕሮግራም ያወጣሁ ሴትዮ ነኝ! ቁጡው ቀዶ ሐኪም በሚገባበት ቀን ሁሌ ወገቧን የሚያማትን አውቃለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዲት አክስቷ ሦስት ጊዜ የሞተችባትንም አውቃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነፍስ ይማር ብያታለሁ። ሰው ከምን እንደሚሸሽ አፉ አይነግርሽም፤ ፕሮግራሙ ነው የሚነግርሽ።

ለዚህ ነው ትናንት ከሥራ እንደወጣሁ የደወልኩት። አንቺም ያንኑ ዘፈን ከፈትሽው።

«እትዬ፣ ዘንድሮም ሞልቶ እኮ ነው።»

«ከዕቅድሽ ጋር የተያያዘው ዝርዝር እፊቴ ነው። አሥራ ሁለት ቦታ፣ የተመዘገበ ሰባት ይላል። አምስቱ ወንበር ላይ ማን ተቀምጦበታል? ጋኔን?»

«አማካሪዬ ነው ቆይ ያለኝ።»

«ስጪኝ ስልኩን፣ አማካሪሽን ላናግረው።»

አማካሪሽን አላገናኘሽኝም። እኔም በዚህ አላበቃሁም፤ ታውቂኛለሽ። ራስ ወዳድ አልኩሽ። እማማ በየሳምንቱ «ስንት ወር ቀራት?» እያለች ጣቷን ስታጥፍ ምን ልበላት አልኩሽ። በመጨረሻም «የፈሪ ነርስ ማስተርስ ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ ለምን ይሆናል!» አልኩ። ያኔ ነው በቀስታ፣ ሳትጮሂ፣ «አንቺ እዚያ ክፍል አልነበርሽም። ስለዚያ ክፍል አትናገሪኝ» ብለሽ የዘጋሽው።

በጣም ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ከእማማ ጋር በረባ ባልረባው ተጣላሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጽዳቷን «ይሄ ወለል ነው የሚባለው?» ብዬ አስለቀስኳት፤ ወለሉ ያበራ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ምሳዬን ሳልበላ ቁምሳጥኔን ከፈትኩና ስድስት ዓመት ያልነካሁትን ፋይል አወጣሁ።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ አባባ እኛው ጋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኛ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ኮሪደር ላይ እጄን ይዘሽ ለመንሽኝ። «እትዬ፣ ነገ አንቺ ግቢልኝ። ሐኪሙ ከነገ አያልፍም ያለውን ሰምቻለሁ፤ እኔ አልችለውም» አልሽ። ሰው አልነበረንም፤ ከሁለታችን አንዳችን መግባት ነበረብን። «እሺ፣ እኔ አለሁ» አልኩሽ። ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ፕሮግራም፣ ሐሙስ፣ የቀን ፈረቃ፣ ጽኑ ሕሙማን በሚለው ላይ ስሜን በእርሳስ ጻፍኩ። ስጽፍ አይተሽኛል። ግንባሬን ስመሽኝ ሄድሽ።

ሐሙስ ጠዋት ስትመጪ ግን ሰሌዳው ላይ ያገኘሽው የራስሽን ስም ነው። «ማትሮኗ ለስብሰባ ፈልጋኝ ነው፤ ምን ላድርግ?» አልኩሽ።

ስብሰባ አልነበረም። ማትሮኗ አልጠራችኝም። ረቡዕ ማታ ሁላችሁ ከወጣችሁ በኋላ ስሜን አጥፍቼ ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። ስንቱን አስከሬን በእጄ የገነዝኩ ሴት የአባቴን ትንፋሽ መቁጠር ፈራሁ። ታናሽ እህቴን ከፊቴ አቆምኳት።

የት እንደነበርኩም ልንገርሽ። አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ከአባባ አልጋ ሃያ እርምጃ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ አንሶላ እቆጥር ነበር። ስልሳ አራት ነበር። ደግሜ ቆጠርኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስቆጥር ኮሪደሩ ላይ «እትዬ! እትዬን ጥሩልኝ!» ስትይ ሰማሁ። ድምፅሽን ሰማሁ እኮ ነው የምልሽ። አልከፈትኩም።

ከዚያስ? ከዚያማ በለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ምነው ብታስጠሪኝ! ምነው አባቴን ሳላየው!» ብዬ የጮህኩብሽ እኔ ነኝ። አንቺም እግሬ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠየቅሽኝ። ተቀበልኩሽ! ጥፋቱ የማን፣ ይቅርታ ጠያቂዋ ማን እንደሆነች እያወቅሁ አቅፌ አነሳሁሽ። ሰዉም «ደግ ታላቅ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ክፍል ረግጠሻት አታውቂም። እኔም ፕሮግራም ሳወጣ ወደዚያ ጽፌሽ አላውቅም። ሰው ሲያይ እኅትነት ይመስላል። እውነቱ ግን አንቺ እዚያ በገባሽ ቁጥር ነገሩ እንዳይነሳ ብዬ ነው። ስድስት ዓመት ፍርሃትሽን እየቀለብኩ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ትናንት ደግሞ ፈሪ ብዬ ሰደብኩሽ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

አንድ ነገር ደግሞ ስሚኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የዚያን ቀን የጻፍሽውን የሕመምተኛ መከታተያ ወረቀት መስመር በመስመር አይቼዋለሁ። ስህተት ብፈልግ፣ ደግሞም ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ጽሕፈትሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እዚያ ክፍል ውስጥ ነርስ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ይሄን ዕቅድ አልፈርምበትም። መልሼ ልኬዋለሁ። የተግባር ልምምዱን ከግርጌ አንስቼ ዘንድሮ፣ መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አድርጌዋለሁ፤ አመራሩን ወደ ሁለተኛው ገፋሁት፤ ንድፈ ሐሳብ ሁለት ከምርምር ዘዴ ጋር ይሄዳል፣ ሰዓታቸው አይጋጭም፣ አይቼዋለሁ። ተራዬን እፈልገዋለሁ፤ አልፈልግም ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ግን ለእኔ ተራ ብለሽ እንዳትገቢ። ስትገቢ ለራስሽ ግቢ። ካልሆነም ያንኑ የሦስት ዓመቱን መልሰሽ ላኪው፤ አፌን ዘግቼ እፈርማለሁ። የመናገር መብቴን ሐሙስ ዕለት አጥፍቼዋለሁ።

እማማ ደህና ናት። ይሄን አልነገርኳትም፤ መንገር ያለብኝ መጀመሪያ ላንቺ ነው። ካነበብሽ በኋላ «ንገሪያት» ካልሽኝ እነግራታለሁ።

የዚያን ወር ፕሮግራምም አብሬ ልኬልሻለሁ። አዲሱ ፕሮግራም ሲለጠፍ መቅደድ ነበረብኝ፤ ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። በላጲስ ማጥፋት የሚቻለው ጥቁረቱን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ስጽፍ እጄ ከባድ ነው። ሐሙስ የሚለውን ረድፍ መስኮት አጠገብ አዘንብለሽ እዪው። ከስምሽ ሥር የማን ስም እንደነበረ ታነቢዋለሽ። ከቃሌ ይልቅ እሱን እመኚ።

ፋርማሲስቱ ወደዚያ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ በስልክ ብልሽ ትዘጊብኝ ነበር፣ እውነትሽንም ነው። ፈጣሪ በገባሽበት ክፍል ሁሉ ከአጠገብሽ ይቁም፤ እኔ ባልቆምኩበት። እጅሽን ይባርክልሽ። የአባባን እጅ የያዘ እጅ ነው።

ፕሮግራም እያጠፋሁ ስለምጽፍ ነርሶቹ ከኋላዬ «ላጲስ» እያሉ የሚጠሩኝ፣ ስሙ እንደሚገባኝ አሁን ገና ያመንኩ፣

እኅትሽ

አንድ ነገር ረሳሁ፦ ከሁለቱ ዕቅዶች የፈለግሽውን ላኪ። እንዳልኩሽ እፈርማለሁ፤ በእስክሪብቶ።