አብዮት እንዴት ይቆጠራል?

ሰኞ፣ ኅዳር 3
አውቶቡሱ ዛሬም ኮልፌ ፌርማታ ላይ ሳይቆም አለፈ። ረፍዶብኝ፣ ተናድጄ ገባሁ። ት/ክፍሉ የሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስላል፦ ለሳይንስ ተማሪዎች የምንሰጠው ልዩ እንግሊዝኛ ይጠቅማቸው እንደሆነ አጥንቼ ሪፖርት ማቅረብ። ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ገብቼ ተቀመጥኩ። ምን ያነባሉ? መመሪያ። ምን ይጽፋሉ? የሙከራ ውጤት። እኛስ ምን እናስተምራለን? ባቡር ጣቢያ ትኬት አቆራረጥ፣ ቀጥሎ የሰልፍ ንግግር። ልዩ! የቱ ጋ ነው ልዩነቱ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
ደብተሬ፣ ልሳቅ ወይስ ልናደድ? መንኮራኩር ይሽከረከራል። መመሪያው ሬቮሉሽኑን ቁጠሩ ይላል፤ ዙሩን ማለቱ ነው። ታደለ፣ ከጎጃም የመጣ፣ በሒሳብ የሚደርስበት የሌለ ልጅ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ፈዟል። ጠጋ አልኩት።

«ቲቸር፣ አብዮት እንዴት ይቆጠራል?» አለኝ በሹክሹክታ።

አልቀለደም። በእኛ መጽሐፍ ሬቮሉሽን አብዮት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? እንዳለ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባሁት። ስሙን ብቻ ተውኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
ሪፖርቱ የደረሳቸው የግቢያችን አብዮታዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር አስጠሩኝ። ስለ ትምህርቱ አንድ ቃል የለም። ያቺን የታደለን ጥያቄ በቀይ አስምረውባታል። በአብዮቱ ያላገጠው ተማሪ ማን እንደሆነ እስከ ዓርብ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። አስረዳሁ። ስለ መንኮራኩሩ፣ ስለ ዙሩ።

«ጓዲት፣ የተጠየቁት ስም ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ልጁ የጠየቀው እኮ ስላልገባው ነው። ስላልገባው ይታሰር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 13
ነፋሱ የቆሼን ቆሻሻ መጣያ ሽታ ይዞ መጣ፤ መስኮት ዘጋሁ። እማዬ ነገሩን ሰማች። ዝም አይነቅዝም አለች። ያቺን ነገር ሰርዢና ትምህርቱ ጥሩ ነው ብለሽ ጻፊ፣ ምን ቸገረሽ? ጮህኩባት። በእናቴ ላይ! ብሰርዝስ? አንዴ አይተውታል፣ ስሙን ይፈልጋሉ። ታደለ ደግሞ ዛሬ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ፣ ዙር ማለት መሆኑን ስላስረዳሁት አመሰገነኝ። የሚያውቀው ነገር የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14፣ ጠዋት፣ ፌርማታ
ወስኛለሁ። ንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፦ ሬቮሉሽን አብዮት ብቻ ነው ብሎ ተማሪውን ያሳሳተው ሰው ስም ከዚህ በታች ተጽፏል። ከሥሩ የእኔን፣ ከነአባቴ ከነአያቴ። ከሪፖርቱ አንድ ቃል አልሰረዝኩም። ለእማዬ አልነገርኳትም። ማታ ካልገባሁ ግን ማን ይነግራ... አውቶቡሱ መጣ። ዛሬስ ቆመ —