ሰናይት ሳትሰማ

ማክሰኞ

ጋዜጠኛዋ እሺ አለች! ቅዳሜ ትመጣለች፣ ከነካሜራዋ። የሰፈር ጋዜጣ ነው፤ ቢሆንም እዚህ ስዊድን፣ ሮግስቬድና ሃግሴትራ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ያገኘዋል። ስንት ጊዜ ጽፌላት ዝም ያለችኝ ሴትዮ ናት። ዛሬ ማብራሪያውን ሁሉ ትቼ አጭር መልእክት ላክሁ፦ የሰው ቢሮ እያጸዳች፣ ከሥራ መልስ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት የራሷን ስፌት ቤት ቅዳሜ ትከፍታለች፤ ነይና እዪ። ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምመክረውን እኔው ረስቼው ኖሯል። ጋዜጠኛ ረጅም ነገር አያነብም።

ለሰናይት ስደውልላት እልል አለች። ወዲያው ደግሞ ፈራች። "ምን እላታለሁ? ስዊድንኛዬ እኮ..." ለእኔ እንደምታወሪው አውሪያት አልኳት። ስለ ወንድምሽ ስለ ግርማ ንገሪያት፣ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና እንዴት እንደገዛልሽ። ፌስቡክ ላይ ለሚጽፍልሽ ሁሉ በዕለቱ መልሺ። ስልክሽ ከእጅሽ አይውጣ!

ሥራን በማስተዋወቅ የሚተዳደረው ድርጅታችን እኔና ስዊድናዊቷ ማሊን ብቻ ነን። ሰናይትን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ማሊን ደንበኛዋ ትንሽ ናት ብላ ብዙም አልወደደችውም። ቅዳሜ ካማረ ሌሎቹም ያገሬ ሰዎች ይመጣሉ። ካላማረ... አላስብም።

ረቡዕ

ግርማ ሞተ።

ወደ ሰናይት ሱቅ እየሄድኩ ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ መኮንን ደወሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ያለ ነገር አይደውሉም። አዲስ አበባ፣ ድንገት፣ ልቡ ነው አሉ። ዘመዶቹ ለእሷ ሳይሆን ለእሳቸው ነው የነገሩት፤ መርዶው እንደ ወጉ ማለዳ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲነገራት።

"ቅዳሜ ሱቋን ትክፈት፤ አንድ ቀን ትሳቅ። እሑድ ጠዋት እናረዳታለን። እስከዚያ በዚያ በፌስቡካችሁ እንዳትሰማ አንቺ ጠብቂልን ልጄ። ሥራሽ አይደል?"

እሺ አልኳቸው። መውረጃዬን አልፌ ሃግሴትራ፣ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ሄድኩ።

ሐሙስ

የዛሬ ሥራዬ፦

የሰናይት እህት ልጅ አዲስ አበባ ሆና የግርማን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፋለች። ለመንኳት፣ አነሳችው።

እዚሁ ሪንከቢ ሰፈር ያለ የሩቅ ዘመድ "ነፍስህን ይማር" ብሎ ጽፏል። ተቆጣኝ፤ ከዚያ አጠፋው።

ሰናይትን "ገጽሽን እስከ ቅዳሜ እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ መጋረጃሽን ስቀይ" ብዬ ፌስቡኩን ከስልኳ ላይ አወጣሁት። ስልክሽን አትልቀቂ ያልኳት ያው እኔው ነኝ። አመሰገነችኝ እኮ!

ከሰዓት በኋላ "ግርማ ስልክ አያነሳም" አለችኝ። "ኔትወርክ ይሆናል" አልኳት። እንዴት ቶሎ አፌ ላይ መጣ!

ለደንበኞች የምንልከው ወርሃዊ ምክር ነገ ይወጣል፤ ተራው የኔ ነው። ርዕሱን ማሊን አስቀድማ መርጣዋለች፦ መጥፎ ዜና ሲኖር ሌላ ሰው ሳይቀድምህ ራስህ ተናገር። ጻፍኩት። ጥሩ ጽሑፍ ሆነ። ራሴን ጠላሁ።

ዓርብ

ጠዋት ለነገው ፎቶ ልምምድ። መስኮቱ አጠገብ አቆምኳት፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። "እጅሽን አውርጂ፣ ሳቂ፣ እንዲህ!" አልኳትና በስልኬ አነሳኋት። በጣም አማረባት።

ፎቶውን ደግሜ አየሁት። ነገም እንዲህ ስቃ ፎቶ ትነሳለች፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ቆርጣ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ የትኛው ቀን እንደነበር ታስባለች። ከኋላዋ ቆመን ያጨበጨብነው ሁሉ እናውቅ እንደነበር ታስባለች።

ለማሊን ነገርኳት። "ወንድሟ አይደለም እንዴ? ለምንድን ነው ሁላችሁም ከእሷ በፊት የምታውቁት?" አለች። ብቻዋን እንዳትሰማው ነው ብዬ አስረዳኋት። ገባት፣ ግን ፊቷ አልተፈታም። የኔም አልተፈታም።

ለጋሽ መኮንን ደወልኩ። "ነገ ይነገራት። የሱቁ ምረቃ ይቅር።"

"ለዚህ ቀን ስንት ዓመት የለፋች ልጅ! እንዴት ትጨክኛለሽ?"

"ፎቶው ሁልጊዜ ይኖራል ጋሼ። እርስዎም እኔም ከኋላዋ ቆመን።"

"የእናቴን ሞት የነገሩኝ የወንድሜ ሠርግ ካለፈ በኋላ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጨፍሬያለሁ። ቪዲዮው ቤቴ አለ። አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም።"

ከዚያ "ሴቶቹን አንቺ ጥሪ፣ ነገ ማለዳ" ብለው ዘጉት።

ለጋዜጠኛዋ እስካሁን አልነገርኳትም። ከሰናይት በፊት አንድ ሰው እንኳ መጨመር አልፈለግሁም።

ቅዳሜ

ነገርናት።

በሩን ስትከፍት ለምረቃው የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። የሴቶቹን ጥቁር ነጠላ አየች፤ ጋሽ መኮንንን አየች። አፋቸውን ሳይከፍቱ "ግርማ!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ያዟት።

ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል ወደ እኔ ዞረች። "አንቺም ታውቂ ነበር? ኔትወርክ ስትይኝ?"

"አዎ።"

ፊቷን አዞረችብኝ። የሚገባኝ ነው። ግን ያማል።

ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ጋዜጠኛዋን ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። አዘነች፤ ከዚያ ለቅሶ ቤቱን መጥታ ፎቶ ብታነሳስ? ወንድምየው፣ መኪናዋ፣ የተዘጋው ሱቅ፤ ልብ የሚነካ ታሪክ ነው አለች። ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር። አይሆንም አልኳት። "እንግዲህ ሌላ ጊዜ እናያለን" አለች። የዚህን ትርጉም በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ አትመጣም ማለት ነው።

እሑድ

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጥግ ይዤ ሳህን ሳጥብ ሰናይት ትፈልግሻለች አሉኝ። አጠገቧ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝ። ድምጿ ተዘግቷል።

"ለደንበኞቼ ጻፊልኝ። እንደምትይው፣ አጭር። ወንድሜ ሞቶ ነው በይ። የመጀመሪያዋን መኪና የገዛልኝ እሱ ነው በይ።"

እዚያው ጻፍኩ፣ አነበብኩላት፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ?"

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። የዓርቡ ፎቶ ውስጡ አለ። ሌሊቱን ላጥፋው ብዬ ስንት ጊዜ አስቤ ነበር፤ ማን ያውቃል ብዬ።

"አንድ አለ" አልኳት። "ዓርብ ስትስቂ ያነሳሁሽ።"

ታስለቅሰኛለች፣ ታስወጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እጄን አውርጄ ነበር?"

"አውርደሽ ነበር።"

"አታጥፊው። አሁን አላየውም። አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።