«ጁኒየር» የምትለዋ ቃል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚይዝህ ሳል ዘንድሮስ ተወህ? እናንተ ዘንድ ያለው የሐይቅ ዳር ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል ሲሉ ሰምቼ፣ እኔ እዚህ ኦሃዮ ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥልህ ሰነበትኩ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ካላስቸገረኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው። ደህና ነው ስልህ ይበላል፣ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ይነጫነጫል ማለቴ ነው።

ይህን አድራሻ ከየት አገኘችው ብለህ መደንገጥህ አይቀርም። ለገና ስትደውልልኝ የት እንደምትኖር አትነግረኝም፤ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። ብጠይቅህ መደወሉንም ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ። ማንም አልሰለለህም፣ አትቆጣ። የነገረን የባንክ ጉዳይ ነው፣ ለዚያውም ማንም ሊነግረን ሳያስብ። ነገሩ ላንተም ስለሚጠቅምህ ከሥሩ ላጫውትህ።

ዴልበርትን መቼም አትረሳውም፣ ያ ሁለት ጊዜ ከስሮ ፍርድ ቤት የተመላለሰው ጎረቤታችን። ባለፈው ወር ናፍጣ በቅናሽ የሚያስቀዳ ክሬዲት ካርድ ተሰጠውና ካፌ ውስጥ ጠረጴዛውን በካርዱ ሲያንኳኳ ዋለ። የአባትህ የመቆፈሪያ መኪና ናፍጣ እንዴት እንደሚጠጣ ታውቃለህ፤ እሱም ልሞክር ብሎ አመለከተ። ዕድሜውን ሙሉ መክፈያ ቀኑን አሳልፎ የማያውቅ ሰው፣ ብድር አከፋፈሉን የሚመዝነውን የክሬዲት ነጥቡን ያዩ ሁሉ የሚያደንቁለት ሰው፣ እምቢ እባላለሁ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ተባለ።

በካፌው የቀረ የለም፣ ሁሉም ምክንያት ፈለገለት። አንዱ ገቢህ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ነው አለው፤ ሌላው ካርዶች ነበሩህና ስለዘጋሃቸው ነው አለው። ዴልበርት ግን የልቡ ደርሶለት፣ «አየህ ቨርን፣ ባንክ የሚወደው እንደኔ ዓይነቱን ነው። ወለድ የማትከፍል ሰው ምን ታደርግለታለህ?» አለው። አባትህ ያዘዘውን ጣፋጭ ፓይ ሳይጨርስ ተነስቶ መጣ። የቼሪ ፓይ ትቶ የሚነሳ ሰው እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ።

የእምቢታው ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም የሚል፣ ሁለተኛው በቅርቡ ብዙ ቦታ ብድርና ካርድ ጠይቀዋል የሚል። ይህቺ ሁለተኛዋ ናት ያሳበደችው። ከመኪናው ብድር ወዲህ ማንንም ምንም ጠይቆ አያውቅማ። ቤቱን ሲዞርበት፣ ሲዞርበት አድሮ ጠዋት እኔንም ይዞ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄደ።

እዚያ ያገኘናት ኬይላ የምትባል ልጅ ናት፤ ከኮለምበስ ገና መምጣቷ ነው፣ እኛን አታውቅም። ረጋ ያለች ልጅ ናት። ነጥቡ ጥሩ መሆኑን አይታ፣ ነጥብ የሚመልሰው ሰውዬው ይከፍላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው፣ ሰውዬው ማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው ብላ አስረዳችን። በአባትህ ስም በተያዘው የብድር ታሪክ ውስጥ ሁለት የትውልድ ዘመን፣ ሁለት አድራሻ፣ ሁለት መሥሪያ ቤት አለ። የባንኩ ኮምፒውተር ግራ ቢገባው እምቢ አለ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ሚስተር ብሪግስ፣ ጁኒየር አለዎት?» አለችው፤ በስምዎ የሚጠራ ልጅ ማለቷ ነው።

አባትህ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረና፣ «ነበረኝ። ስሙን መልሶልኛል» አላት።

ልጅቱ ክው አለች። የሞትክ መስሏት ነው። እንባዋ እስኪመጣ ድረስ አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ ስትለው እሱ አላረማትም። እኔ ከጠረጴዛው ሥር በጫማዬ መታሁት፤ እግሩን ሰብሰብ አደረገ። እንግዲያውስ ስምዎን የሰረቀ ሰው አለ አለችው። ሙሉ ታሪኩ በፖስታ ይመጣልዎታል፣ እሱን ይዘው ፖሊስ አለቃው ሸሪፉ ዘንድ ስርቆት መሆኑን ያመልክቱ፣ ይፈርሙ፣ በዚያ አድራሻ የተከፈተው ሁሉ ይዘጋል አለችው። አባትህ ሌባ የሚለውን ቃል ሲሰማ ነፍስ ዘራ። መንገዱን ሙሉ ሌባውን ሲያስር፣ ሲፈታ ቤት ደረስን።

ነርስ እሆናለሁ ስላልክበት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ስለነበረው የምስጋና ቀን ምሳ አላነሳብህም። እሱ የኔ ስም የሽንት ዕቃ ለመድፋት አልወጣም ያለው ክፉ ንግግር ነው፤ ፊቱም ላይ ነግሬዋለሁ። አንተም ስምህን መልሰህ ውሰድ ብለኸው ወጣህ። ቁጣ ነው ብዬ ነበር እኔ። እሱ ግን ቃል በቃል ወሰደው። ፍርድ ቤት ሄደህ ስምህን እንደለወጥክ፣ ዛሬ ሌላ ሰው እንደሆንክ አድርጎ ነው ሦስቱን ዓመት የኖረው። ጠይቆ ማረጋገጥ የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረበትም። የማን ልጅ እንደሆንክ ታውቃለህ።

ታሪኩ በሳምንቱ መጣ። እራት በልተን ሳህኑን ሳላነሳ መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። የኛ ቤት አድራሻ፣ የመኪናው ብድር፣ የመቆፈሪያው ብድር። ከዚያ ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ። የመሥሪያ ቤት ስም፣ ሆስፒታል። ሥራ፣ ነርስ። የትውልድ ቀን፣ ያውም አንተን የወለድኩበት ቀን፣ በረዶው መንገድ ዘግቶብን በመቆፈሪያው መኪና ሆስፒታል የደረስንበት።

ጣቱ እዚያው ቆመ። ሌባው ተያዘ አልኩት ልቀልድ ብዬ። አልሳቀም።

«ስሙን አልጣለውም እንዴ?» አለኝ።

ልጄ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባትህ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሳህን ላነሳ ብዬ ተነስቼ ማጠቢያው ዘንድ ቆሜ አለቀስኩ፤ እሱ ንጹሑን መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። ተመልሼ ስመጣ የአንተን ክፍያዎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ሲያይ አገኘሁት። «አንዱንም አላሳለፈም» አለ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ በሚናገርበት አነጋገር።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አንተ በቁጣህ የመለስከው ስሙን አይደለም፤ «ጁኒየር» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። በየወረቀቱ ሁሉ የአባትህን ስም ከነቤተሰብ ስሙ ጽፈህ እሷን ትተሃታል። ከአባትህ ለመራቅ ብለህ የጣልካት ቃል ደግሞ ሁለታችሁን የምትለየዋ እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ስትቀር ኮምፒውተሩ ሁለታችሁን አንድ ሰው አድርጎ አረፈው። እኔ ከሁለታችሁ ጋር ስኖር ያንኑ ነው የምላችሁ፣ ማን ሰማኝ።

አሁን የሚጠቅምህን ስማ። በመኸር አራት ቦታ ካርድ ጠይቀህ እንደነበር እዚያው አይቻለሁ። አልሰጡህም፣ አይደል? ምን አጠፋሁ እያልክ ራስህን ስትወቅስ ከርመሃል፣ አውቅሃለሁ። አንተ ምንም አላጠፋህም፤ አባትህ ኪስህ ውስጥ ገብቶ ነው። ስትጠይቅ በዕድሜህ የማይሆን የመቆፈሪያ ብድር ያዩብሃል፣ ሁለት የትውልድ ዘመን ያዩብሃል። አንዱ እምቢ ሲል ደግሞ ወደ ሌላው መሄዱ ብሷል። ኬይላ እንዳለችኝ እያንዳንዱ ጥያቄ ይመዘገባል፤ የየጎረቤቱን በር ተራ በተራ የሚያንኳኳ ሰው ምን ቸግሮት ነው እንደሚባለው ነው። ስለዚህ አሁን መጠየቁን አቁም። የብድር ታሪኩን ለሚያጠናቅሩት ድርጅቶች የትውልድ ቀንህንና መታወቂያህን ልከህ ይለዩልኝ በላቸው። ቃሏንም መልሳት፣ እባክህ።

ወደ ሸሪፉ የሚሄደው ወረቀትስ አትለኝም? እኔ ተጨንቄ ነበር። ቢፈርም የአንተ ሁሉ ነገር ይዘጋል፤ ባይፈርም ልጅ አለኝ ማለት ሊኖርበት ነው፣ ያቺን ደግሞ ሦስት ዓመት አንቆ ይዟታል። ጠዋት ሲነሳ ተላጨ። የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለበሰ። አልጠየቅሁትም፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

ባንኩ ደርሰን ኬይላ ሸሪፉ ምን አለ ስትለው ወረቀቱን አጣጥፎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና፣ «ሌባ የለም። ልጅ አለኝ። በስሜ ነው የሚጠራው፣ ዱሉዝ ነርስ ነው» አላት። ድምፁን ታውቀዋለህ፣ ቅርንጫፉ በሙሉ ዞረ። ልጅቱ ተደናግጣ ሞቷል ብለውኝ አልነበረም እንዴ ብትለው፣ «እኔ አላልኩሽም፤ አንቺ ነሽ የቀበርሽው» ብሏት አረፈ። እኔ በሳቅ ወንበሩን ይዤ ቀረሁ፤ እሷም ሳቀች።

ከሰዓት ዴልበርት ካፌ ውስጥ ያን ካርዱን ሲያነሳበት፣ ደረትህን ይዞህ ስትወድቅ ካርድህ ያነሳህ እንደሆን እናያለን፣ የሚያነሳህ እንደኔ ልጅ ያለ ነርስ ነው አለው አሉ። ይህን የሰማሁት ከአስተናጋጇ ነው። ለኔ አልነገረኝም።

ከብድር ታሪኩ ላይ አንድ ሌላ መስመርም አንብቤያለሁ፣ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ መደብር የሚል። ምንም አልጠይቅህም። ብቻ አብራህ ያለችውን ልጅ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ንገርልኝ። እኔም ቢጫ ክር ገዝቼ እየሠራሁ ነው፤ ለማን እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም። አባትህ ያቺን መስመር አይቷት እንደሆነ እንጃ ስል ነበር። ትናንት ምሳ ላይ ከመሬት ተነስቶ፣ «የዱሉዝ የቧንቧ ውሃ ለሕፃን ይስማማል?» አለኝ። ኬይላ በበኩሏ በዚሁ ስም ሦስተኛ እንዳትጨምሩብኝ እያለች ትቀልዳለች፤ እኔ የስም ነገር የወላጆቹ ነው ብያታለሁ።

ኬይላ ራሷ ወረቀቱን ሁሉ አስተካክላለት ትናንት ካርዱ ደረሰ። ገለባብጦ አየውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ነርስ በሳምንት የትኛውን ቀን ነው የሚያርፈው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱኑ ጠይቀው አልኩት። የመኪናውን ዘይት ልይ ብሎ ወጣ። እንግዲህ የምታርፍበትን ቀን ጻፍልኝ፤ ከጻፍክልኝ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

እጅህን የዘረጋህላቸው ሕሙማን ሁሉ ይዳኑልህ። መግቢያህ የሞቀ፣ መውጫህ በረዶ የሌለበት ይሁን። አብራህ ካለችው ልጅም፣ ከሚመጣውም ጋር እግዚአብሔር በእጁ ይያዛችሁ።

የምትወድህ እናትህ

ፖስታውን ልዘጋ ስል አባትህ እስኪ ብሎ ተቀበለኝ። ስምህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከስምህ በኋላ ያለችው ቃል ግን የሱ እጅ ጽሑፍ ናት። ደብዳቤው ተሳስቶ ወደኔ እንዳይመለስ ብዬ ነው አለኝ።