«አይደል» የሌለበት ጥያቄ

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ ደብዳቤ እንዲህ ነውና የሚጀመረው።

ክሊኒካችን ራሳቸውን ለመጉዳት የሚያስቡ ልጆችን እንዴት እንደምንጠይቅ አሠለጠነን። «ደህና ነሽ አይደል?» አትበሉ፣ «አይደል» የልጅ አፍ ይዘጋል፤ በቀጥታ ጠይቁ ተባልን። ከነርሶቹ ሁሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አጨበጨቡልኝ እኮ!

ልጄ ሰላም ብላሻለች። ያንን የምትሳሳለትን ጊታር ለጓደኛዋ ሰጠቻት። እኔም የቤቱን መድኃኒት ሁሉ ሥራ ቦታ ወስጄ ቆለፍኩበት፤ አንቺም ስትመጪ የራስ ምታት ክኒን እንኳ እንዳትይዢ።

ትናንት መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆምኩና ጠየቅኳት።

«ደህና ነሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ፣ እማ።»

እባክሽ ደውይላት፤ እንደ እኔ ግን እንዳትጠይቂያት።

ናፋቂሽ እህትሽ፣
አንደኛ የወጣችው