ሠላሳ ሁለተኛው ቀን

ለውድ ታላቅ እህቴ ለማንሲራ ዲዲ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን አለሽልኝ? ዝናቡ ጉልበትሽን አላስቸገረሽም? እናታችንስ ሳሏ ተሻላት ወይስ አሁንም መድኃኒቱን ትራስ ሥር እየደበቀች ነው? አባታችን እንዴት ነው? የጤና ኬላው ጣሪያስ ዘንድሮ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። በአሳር ወር አሥራ አምስተኛ ቀን፣ በሩዝ መትከያው በዓል፣ እርጎና የተቀጠቀጠ ሩዝ በልቻለሁ፤ ብቻ ጭቃ ውስጥ ገብተን ሩዝ ሳንተክል ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለበላነው ነው መሰለኝ እንደ ቤቱ አልጣፈጠኝም።

ስልኩ እየተቆራረጠ አላነጋግር ስላለን በወረቀት እጽፍልሻለሁ። «ካልፑራ የክትባት ቀጠሮ የሚቆጥረው ፕሮግራም ሲጠራኝ አልመጣም ብላ አሻፈረኝ ብላለች፤ ምን ልበላት?» ብለሽኝ ነበር። ልክ ናት። ባለፈው ዓመት በባድራ ወር ልጇን አዝላ አራት ሰዓት ተጉዛ ስትደርስ የክትባቱ ሣጥን በዋዜማው ተመልሶ ነበር። የጠራት ደግሞ እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ነው፤ አንቺ በጤና ኬላው በምታስከትቢያቸው እናቶች ፊት «የሠራችው እህቴ ናት፣ እመኑት» ብለሽ የቆምሽለት። ያን ቀን በእናቶቹ ፊት የደረሰብሽን ውርደት ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እንዴት እንደተሳሳትኩ በግልጽ ነግሬሽ አላውቅም። ፕሮግራሙ ውስጥ የየወሩን ቀናት ብዛት የያዘ አንድ ሠንጠረዥ አለ። የእናቶችን ቀጠሮ የሚቆጥረው ክፍልም፣ ለውጭ ለጋሾች ሪፖርት የሚያዘጋጀው ክፍልም የሚያዩት ያንኑ ነው። የውጭ ወር ከሠላሳ አንድ ስለማያልፍ የለጋሾቹ ቅጽ ከዚያ በላይ የሆነ ቀን አልቀበልም ሲለኝ፣ እኔ ብልጧ ትርፉን እንዲቆርጠው አዘዝኩ። ለሪፖርቱ ብቻ የቆረጥኩ መስሎኝ ለካ የሁሉንም ቆርጬዋለሁ። በእኛ ካላንደር የወሮቹ ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ፣ ያን ዓመት የሽራዋን ወር ሠላሳ ሁለት ቀን ነበረው፤ አንዷ ስትጎድል የካልፑራን የባድራ ቀጠሮ ጨምሮ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀጠሮ ሁሉ አንድ ቀን ዘገየ።

እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው የሥራ አለቃዬ ጋኔንድራ ዳይ ነገሩን ሲሰማ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «አንቺ ልጅ፣ የተወለድሽው አሳር ሠላሳ ሁለት አልነበረም እንዴ? የገዛ ልደትሽን ቆርጠሽ ጣልሽው እኮ» አለኝ። አሁኑኑ ላርመው ስለው ከለከለኝ። «መጀመሪያ ስህተቱን በትንሹ ደግመሽ አሳዪኝ። ስህተቱን የሚይዝ ፈተና ጻፊ፤ ፈተናው ሲወድቅ በዓይንሽ እዪ፤ ከዚያ አርሚ። ደግሞ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንኪ፤ ሦስቱን ባንዴ ነካክተሽ የትኛው እንዳዳነሽ ሳታውቂ እንዳትቀሪ» አለ። አሁን ያለዚህ ምክር ሥራ አልጀምርም።

ቀጥሎ ሃስኬል የሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ እንድማር አዘዘኝ። ሁለት ወር ሙሉ አበሳዬን አየሁ። በለመድኩት ቋንቋ እንዳሻኝ የምለውጠው ነገር እዚህ ፍንክች አይልም። አንዴ ስም ሰጥተሽ የጻፍሽውን መልሰሽ አትነኪውም፤ የተለየ ነገር ከፈለግሽ አዲስ ትሠሪያለሽ፣ የፊተኛው እንዳለ ይቀመጣል። አንድ ቀን በንዴት ልተወው ስል ያንቺ የክትባት መዝገብ ትዝ አለኝ። መዝገብሽን በላጲስ ነክተሽ አታውቂም። ወረዳው አሳጥረሽ ላኪ ሲልሽ በሌላ ወረቀት ትገለብጫለሽ እንጂ የመዝገቡን ገጽ አትቀድጂም። እኔ ግን ገጹን ነበር የቀደድኩት። ይህን ካሰብኩ በኋላ ቋንቋው ገባኝ፣ ውሎ አድሮም ወደድኩት።

ቆጠራውን እንደ አዲስ በዚሁ ቋንቋ ጻፍኩት። ሪፖርቱ የራሱን ግልባጭ እንዳሻው ያድርግ፤ ዋናውን ሠንጠረዥ ማንም አይነካውም። ያለፉትን ዓመታት ወሮች ከድሮ የግድግዳ ካላንደሮች ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሆዴ ግን አላመነም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ቀን ያለው ወር ዘንድሮ አሳር ነውና ይህችን የዛሬዋን ሠላሳ ሁለተኛ ቀን ስጠብቅ ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስከፍተው ቀኑን አልዘለለውም፤ የሽራዋን ቀጠሮዎችም ፎቶ አንስተሽ ከላክሽልኝ የእጅ መዝገብ ጋር አንድ ሆነው ተገኙ። ጋኔንድራ ዳይ ከኋላዬ አየት አድርጎ፣ «እንግዲህ እንደገና ተወለድሽ» አለኝ። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

ካልፑራን አታስገድጃት። ለልጇ የቀረው የኩፍኝ ክትባት ሽራዋን አሥራ ስምንት ነው። ከዛሬዋ ከአሳር ሠላሳ ሁለት ጀምራ በጣቷ ትቁጠር፤ ከፕሮግራሙ ጋር ከተለያየች እሷን እመኚ። እኔም ፈቃድ ስላገኘሁ ያን ቀን ኬላው ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የእህቴ አልነበረም እላታለሁ። ብትቆጣኝም ልጁን ይዛ ከመጣች ይበቃኛል።

ለእናትና አባታችን እግራቸው ሥር ወድቄ ሰላም ብያለሁ በይልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ የደረቀውን ፖም ብቻውን እንዳይጨርሰው አደራ። ለትንሿ ሱንታሊ ባለ ቀለም እርሳስ ገዝቼላታለሁ። ደብዳቤውን ነገ በአውቶቡስ የሚሄድ የአገራችን ሰው ያደርስልሻል። ካልፑራ ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለችና፣ ሠላሳ ሁለተኛዋ ቀን ዘንድሮ እንዳልተቆረጠች እንድታይ ከዚህ በታች ያለውን ቀን በጣትሽ አሳዪልኝ።

እህትሽ ኒርጃላ

ላሊትፑር፣ አሳር 32 ቀን 2082 በአገራችን አቆጣጠር